ዘፈኑ መቼ ይጀምራል?

(በተማሪዎች ኅብረት የሙዚቃ ምሽት፥ ሮቤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው ምሽት ስለ ሙዚቃ ጥቂት ቃል እንድንናገር ኅብረቱ ስለ ፈቀደልን ከልብ እናመሰግናለን። እኛ የሙዚቃ ሊቃውንት አይደለንም። ከመካከላችን ኖታ ማንበብ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ቀስ እያለ ነው። ነገር ግን ባለፈው አንድ ዓመት ቅዳሜ ማታ ማታ በአንድ መኝታ ክፍል እየተሰበሰብን አንድ ዓይነት ሙዚቃ ስናዳምጥ ቆይተናል። ያገኘነውንም ለብቻችን ይዘን መቅረት ንፉግነት መስሎ ስለ ታየን ወደዚህ መድረክ ወጣን።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ጥያቄ ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ፥ ታንጀሪን ድሪም የሚባለው የጀርመን ቡድን «ፌድራ» ብሎ የሰየመውን ሸክላ ከስልክ ወደ ድምፅ ማጉያ አገናኝተን ከፈትነው። አንድ ደቂቃ ሄደ፤ ሁለት ሄደ፤ አምስት ሄደ። ከጎረቤት ክፍል መጥቶ በሩ ላይ የቆመ አንድ ወዳጃችን በትዕግሥት ካዳመጠ በኋላ፥ «ይቅርታ፥ ዘፈኑ መቼ ይጀምራል?» ሲል ጠየቀ። ሁላችንም ሣቅን። ሣቁ ካለፈ በኋላ ግን የምንሰጠው መልስ እንዳልነበረን ተገነዘብን። የዛሬው ንግግራችን ለዚያ ወዳጃችን የዘገየ መልስ ነው።

በቅድሚያ ይህ ሙዚቃ ምን እንደ ሆነ እንናገር። ሲንተሳይዘር ማለት የኤሌክትሪክን ሞገድ እየቀረጸ ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ ነው፤ በአገራችን ብዙ ሰው በደፈናው ኦርጋን ይለዋል። ከዚህ መሣሪያ ጋር አብሮ የሚሠራ ሲኩዌንሰር የሚባል ሌላ መሣሪያ አለ። አሠራሩን ለመረዳት የገበጣ መጫወቻን አስቡ። በተርታ የተሰለፉ ስምንት ጉድጓዶች አሉ እንበል። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ፈንታ በጣት የሚዞር አንድ መቆጣጠሪያ ተተክሏል፤ የእርሱም ሥራ የቮልቴጁን መጠን መወሰን ነው። ቮልቴጁ ከፍ ሲል ድምፁ ይቀጥናል፤ ዝቅ ሲል ይወፍራል። ጊዜ ጠባቂው ክፍል ጠጠሩን ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ እኩል እያሳለፈ ስምንተኛው ላይ ሲደርስ ወደ አንደኛው ይመልሰዋል። ሙግ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ «960» ብሎ ያወጣው ሲኩዌንሰር እንዲህ ያሉ መቆጣጠሪያዎች በሦስት ረድፍ ስምንት ስምንት ሆነው የተደረደሩበት ነበር።

እንግዲህ ጠጠሩን መሣሪያው ካዞረው ሰውየው ምን ይሠራል? የሚል ጥያቄ ይነሣል። ሰውየው ዜማው እየዞረ ሳለ አንዱን መቆጣጠሪያ በጥቂቱ ያዞራል፤ ድምፁን ያደበዝዛል፥ ያጠራል፤ አንዱን ጉድጓድ ባዶ ያደርጋል፤ በሌላ ርዝመት የሚዞር ሁለተኛ ዜማ ከሥር ይጨምራል። ስለዚህ ጥበቡ ያለው በድግግሞሹ ብቻ ሳይሆን በድግግሞሹ ውስጥ ቀስ ብሎ በሚመጣው ለውጥ ላይ ነው።

የገሰራና የሲናና ልጆች ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። በመኸር ጊዜ ኮምባይነር ሲያጭድ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ከጧት እስከ ማታ አንድ ዓይነት ጉምጉምታ ብቻ ይሰማል። በማሳው ዳር የቆመው ባለ እርሻ ግን ስንዴው በረታ ያለበት ቦታ ሲደረስ የሞተሩ ድምፅ ሲከብድ፥ የሳሳው ቦታ ሲደረስ ሲቀል ለይቶ ያውቃል። አንደኛው ጩኸት ሰማ፤ ሁለተኛው ሙሉ ማሳውን ሰማ። ልዩነቱ የጆሮ ጥራት አይደለም፤ ልብ ሰጥቶ የማዳመጥ ጉዳይ ነው።

ወዳጃችን «ዘፈኑ መቼ ይጀምራል?» ብሎ የጠየቀበትን ምክንያት ስናሰላስል ጥፋቱ የእርሱ ሆኖ አላገኘነውም። በአገራችን ዘፈን ማለት በአብዛኛው ግጥም ነው። ጆሮአችን የሰለጠነው ሰሙን ከወርቁ ለመለየት ነው፤ መሣሪያው ዘፋኙን አጅቦ የሚሄድ ሎሌ ሆኖ ይታየናል። ቃል ሲጠፋ ምንም የሌለ ይመስለናል። ሆኖም እውነቱን ለመናገር እየዞረ የሚመለስ ረጅም ዜማ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በገናን አስቡ። በገና ዐሥር አውታር አለው፤ በአውታሩና በብርኩማው መካከል የምትገባው እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ያን የሚያንዘረዝር ድምፅ ታወጣለች። ደርዳሪው አንዱን አጭር ዜማ እየመላለሰ ሲደረድር ሰሚው ቀስ በቀስ ወደ ውስጡ ይመለሳል። ይህን መስማት የሚፈልግ ሰው መምህር ዓለሙ አጋ የደረደሩትንና «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ኅትመት 11ኛ ሆኖ የወጣውን ያዳምጥ። እንደዚሁም የመንዙማን ተቀባዮች፥ በእኛም በባሌ ወደ ድሬ ሼኽ ሑሴን የሚጓዙ ሰዎች አንዱ እየመራ ሌላው እየተቀበለ የሚያሰሙትን ውዳሴ አስቡ። ከእነዚህ ማናቸውንም ሰምቶ «መቼ ይጀምራል?» የሚል የለም። ሁሉም ተጀምሮ እንዳገኘው ያውቃልና።

አሁን ወደ ሸክላዎቹ እንምጣ። የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

የመጀመሪያው ያ የተጠየቀበት «ፌድራ» ነው። በ1974 ወጣ። የተጫወቱት ኤድጋር ፍሮሰ፥ ክሪስቶፈር ፍራንከና ፒተር ባውማን የተባሉ ሦስት ሰዎች ናቸው። ስሙን የሰጠው የመጀመሪያው ክፍል 17 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ይህም ከሮቤ ተነሥቶ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጎባ ለመድረስ ሚኒባስ ከሚወስደው ጊዜ ብዙ አይርቅም። በቀረጻው ጊዜ የሙጉ መሣሪያ እየሞቀ ሲሄድ ቅኝቱ ቀስ እያለ ሸሸ። ሰዎቹ አቋርጠው እንደገና አልጀመሩም፤ የሸሸውን ቅኝት እንዳለ ተዉት። ልብ ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ይሰማዋል። መሣሪያ ስሜት የለውም ለሚሉት እኛ የምንመልሰው እዚህ ላይ እያመለከትን ነው። በዓመቱ በ1975 ያወጡት «ሩቢኮን» ደግሞ በሁለቱ የሸክላ ገጾች ላይ አንድ አንድ ረጅም ክፍል ብቻ የያዘ ሲሆን፥ ከ«ፌድራ» ይልቅ የረጋ ነው። ለጀማሪ እኛ እርሱን እናስቀድማለን።

ሁለተኛው የክላውስ ሹልትሰ «ታይምዊንድ» ነው፤ በ1975 ወጣ። ሹልትሰ በ1970 በወጣው በታንጀሪን ድሪም የመጀመሪያ ሸክላ ላይ ከበሮ መቺ ነበረ፤ በኋላ ብቻውን መሥራትን መረጠ። የዚህ ሸክላ አንዱ ገጽ 30 ደቂቃ ያህል ሳይቋረጥ የሚሄድ አንድ ክፍል ነው። ከእኛ መካከል አንዱ በመጀመሪያው ቀን በዐሥረኛው ደቂቃ ተኛ፤ በሁለተኛው ቀን በሃያኛው ተኛ፤ በሦስተኛው ቀን እስከ መጨረሻ ነቅቶ ሰማ። በሦስተኛው ቀን ምን እንዳገኘ ስንጠይቀው፥ «ነፋሱ አቅጣጫውን ሲለውጥ ሰማሁ» ብሎ መለሰልን። በሳነቴ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል።

ሦስተኛው የማኑኤል ጎትሺንግ «ኢ2-ኢ4» ነው። ስሙ በቼዝ ጨዋታ ወታደሩን ሁለት ቤት ወደ ፊት ከማስኬድ የተወሰደ ነው። በታኅሣሥ 1981 በርሊን ውስጥ፥ በገዛ ስቱዲዮው፥ ብቻውን ተቀምጦ በአንድ ጊዜ ሳያቋርጥ ተጫወተው፤ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ሸክላው የወጣው በ1984 ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁለት ስምምነቶች ብቻ ይመላለሳሉ፤ ወደ እኩሌታው ሲደረስ ጊታሩ ይገባል። የገባበትን ቅጽበት በትክክል ይዘን ለማግኘት ብዙ ሞክረን አልሆነልንም። ስንነቃ ሁልጊዜ ገብቶ እናገኘዋለን።

አንዳንድ አድማጭ «ይህ ሁሉ የጀርመኖች ነገር ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» ይል ይሆናል። ስለዚህ ከበርሊን ወደ ካይሮና ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። ሐሊም ኤል-ዳብ የተባለው ግብፃዊ ሙዚቀኛ በ1944 ካይሮ ውስጥ በሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀርጽ መሣሪያ ተውሶ የዛር ሥርዓት ሲካሄድ ቀረጸ። ዛር በእኛም አገር ምን እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልገንም። የተቀረጸውን ድምፅ ወደ ስቱዲዮ ወስዶ፥ የገደል ማሚቶ እየጨመረበትና አንዳንዱን የድምፁን ክፍል እየቀነሰ፥ ከሰው ዘፈን የተነሣ ነገር ግን የሰው ዘፈን ያልሆነ ሥራ አደረገው። ይህም ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር በ1948 ዝነኛ ሥራዎቹን ከማሰማቱ በፊት የተደረገ ነው። ይኸው ሰው ከ1962 እስከ 1964 አዲስ አበባ መጥቶ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ1963 ክራርን፥ ማሲንቆን፥ ዋሽንትንና በገናን በአንድነት ያሰለፈውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። እስከ 2017 ድረስ ኖረ። እንግዲህ በኤሌክትሪክ ሙዚቃ ከሁሉ ከቀደሙት ሰዎች አንዱ በአገራችን ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበረ ማለት ነው። እኛ ይህን ያወቅነው በትምህርት ቤት ሳይሆን በአጋጣሚ ነው፤ ይህም ያሳዝነናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን ደረስን። በሸዋ የተወለደው ኃይሉ መርጊያ በወጣትነቱ አኮርዲዮን ራሱን በራሱ ተማረ፤ በኋላም በዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ሆነ። ባንዱ በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን ዘፋኝ የሌለበት ሸክላ አወጣ። በ1981 ዋልያስ ወደ አሜሪካ ሄደው ሲጫወቱ ከቆዩ በኋላ ከአባሎቹ ጥቂቶቹ ሲመለሱ ኃይሉ እዚያው ቀረ። በ1985 በዋሺንግተን፥ በአንድ ትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ፥ ያለ ባንድ፥ ብቻውን ተቀመጠ። አጠገቡ የልጅነቱ አኮርዲዮን፥ ሮድስ የሚባለው ኤሌክትሪክ ፒያኖ፥ ሙግ ሲንተሳይዘር፥ ያማሃ ዲኤክስ-7 እና በከበሮ ፈንታ የሚመታ የሪትም መሣሪያ ነበሩ። በእነዚህ «ሸሞንሟናዬ»ን፥ «አምባሰል»ን፥ «ሽለላ»ንና ሌሎችንም ነባር ዜማዎች ቀርጾ በካሴት አወጣ።

ቁራጮቹ እንደ ጀርመኖቹ ረጃጅም አይደሉም። ነገር ግን የሪትም መሣሪያው ሳይደክም እኩል ይመታል፤ አኮርዲዮኑ በላዩ ላይ አንዱን ዜማ ይዞ ይመጣል፥ ይሄዳል፥ ጥቂት ተለውጦ ይመለሳል። እኛ ስናዳምጠው አንድ ነገር ገባን። ባንድ ሲኖር አንዱ ሲደክም ሌላው ያነሣል፤ ብቻውን የቀረ ሰው ግን የሚቀበለው ስለሌለው የሚቀበለውን በመሣሪያ ይሠራል። ይህ ሙዚቃ የስደተኛ ሰው ሙዚቃ ነው፤ አንድም የስደት ቃል ሳይናገር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። ዘመን ሲያልፍ ካሴቱ ተረሳ። ኃይሉ በዋሺንግተን በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ነጂ ሆነ፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ታክሲው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ አንድ አሮጌ ካሴት አግኝቶ፥ ባለቤቱን ፈልጎ፥ በ2013 በሸክላ እንደገና አሳተመው። ከዚያ ወዲያ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን፥ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አወጣ።

በዚህ ታሪክ ሰው ሁሉ ይደሰታል፤ እኛም ደስ ብሎናል። ነገር ግን ከደስታው ሥር አንድ የሚያሳፍር ነገር እንዳለ መደበቅ የለብንም። ካሴቱ የነበረው በእኛ ገበያ ነው፤ ያነሣው ግን ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነው። እንግዳው በዚያን ቀን በዚያ ሱቅ በር ባያልፍስ ኖሮ?

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ አለ፤ ከመምህሮቻችንም ከጓደኞቻችንም ሰምተነዋል። ኪቦርድ ሲመጣ መለከት ነፊዎችና ከበሮ መቺዎች ሥራ ፈቱ፤ አንድ ሰው በአንድ መሣሪያ የሙሉ ባንድ ቦታ ያዘ፤ ታዲያ የሙዚቀኛን እንጀራ የቀማ መሣሪያ እንዴት ይመሰገናል? ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ ልናስተባብለው አንችልም። እኛ የምንለው ይህን ብቻ ነው፦ ወጪ ለመቀነስ ሲባል የመለከትን ድምፅ አስመስሎ የሚያሰማ ኪቦርድ አለ፤ የማንንም ድምፅ ሳይሰርቅ የራሱን ድምፅ የሚያሰማም አለ። የመጀመሪያው ይወቀስ፤ ሁለተኛው ይደመጥ። በጅምላ መውቀስ በጅምላ ከማድነቅ አይሻልም።

ለማጠቃለል ያህል ሁለት ልመና እናቀርባለን።

አንደኛ፥ ከእነዚህ ሸክላዎች አንዱን ብቻ መርጣችሁ እስከ መጨረሻ ስሙ። በምታጠኑበት ሰዓት አይሁን፤ ስልኩን በሚነካኩበት እጅም አይሁን። ዛሬ ግማሽ ደቂቃ ሰምተን ወደ ሌላው የምናልፍ ሰዎች ሆነናል። አሥራ ሰባት ደቂቃ ለአንድ ነገር መስጠት የማይችል ሰው መጽሐፍም ሆነ ወዳጅ አይጠናበትም ብለን እንፈራለን፤ ይህን የምንለው በመጀመሪያ ለራሳችን ነው።

ሁለተኛ፥ ወደየቤታችሁ ስትሄዱ ካሴት ጠይቁ። የካሴት ክር ማለት የብረት ዝገት ዱቄት የተለበጠበት ስስ ፕላስቲክ ነው፤ እርጥበትና ሙቀት ያበላሹታል፤ ዘላለም አይኖርም። ባለፈው ወር ከእነዚህ ከሁለቱ ከተሞች በአንደኛው ዱሮ ካሴት ይሸጡ ወደ ነበሩ አንድ ሽማግሌ ሄደን ነበር። «ልጆቼ፥ ዘገያችሁ» አሉን። «ጆንያ ሙሉ ጣልሁት። ለማን ብዬ ላስቀምጥ?» የሚመልስ ከመካከላችን ጠፋ። ከመደርደሪያ ሥር የቀሩትን አራት ካሴቶች አቧራቸውን ጠርገው በነጻ ሰጡን።

ከአራቱ አንደኛው ስም አልተጻፈበትም። ቴፕ ተውሰን ስናጫውተው አንድ ሰው ኦርጋን ይጫወታል፤ ዘፋኝ የለም። ከበስተኋላ ጭብጨባና የሴቶች እልልታ ስለሚሰማ ሠርግ ይመስለናል። ሰውየው አንዱን አጭር ዜማ ይዞ እየዞረ፥ እየጨመረ፥ እየቀነሰ፥ የክሩ ገጽ እስኪያልቅ ድረስ ይጫወታል። ያ «መቼ ይጀምራል?» ብሎ የጠየቀን ወዳጃችን በዚያን ቀን አብሮን ነበረ። ክሩ ሲያልቅ ማንም ሳያዘው ተነሥቶ ካሴቱን ገለበጠው።

ተጫዋቹ ማን እንደ ሆነ እስካሁን አላወቅንም። ስሙን ባናገኝ ጣቱን ብቻ ይዘን መቅረታችን ነው። ስለዚህ ኅብረቱ አንድ ቴፕና አንድ ኮምፒዩተር መድቦልን፥ በባሌ ከፍተኛ ቦታዎች የሚገኙትን ካሴቶች ከነስማቸው፥ ከነዓመታቸውና ከነባለቤታቸው ስም እየመዘገብን እንድንገለብጥ እንዲፈቅድልን በዚህ ጉባኤ ፊት እንለምናለን። ካሴቱ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ግልባጩ በኅብረቱ ይቀመጣል።

አሁን ንግግራችንን አቁመን በመጀመሪያ «ሸሞንሟናዬ»ን፥ ቀጥለን ያን ስም የሌለውን ካሴት እናሰማችኋለን። ከመምህራን ወይም ከዚህ አገር ልጆች መካከል የእጁን አመታት የሚያውቅ ሰው ካለ፥ እባካችሁ ሙዚቃው ሲያልቅ ወደ እኛ ይምጣ።